አፉን የከፈተና ያለቀ የጫማ ሶል በቤት ውስጥ በማስቲሽ እንዴት ይጠገናል?

«በማስቲሽ ለጥፌው ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላው ለቀቀ። የትኛው ማስቲሽ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማስቲሹ አይደለም። አሮጌው ማስቲሽ ሳይነሳ አዲሱ ተቀብቶበታል፣ ሶሉ አልተሞረደም፣ ወይም ማስቲሹ ገና እርጥብ እያለ ተገጥሟል። ጫማ ጠጋኞች በየመንገዱ በሚጠቀሙበት በዚያው ቢጫ ማስቲሽ ቤት ውስጥም ጠንካራ ሥራ መሥራት ይቻላል። ሥራው ራሱ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። ማጠቡ፣ ማድረቁና ከተለጠፈ በኋላ ማቆየቱ ግን ሦስት ቀን ያህል፣ የቆዳ ቡት ወይም ብርድ ከሆነ እስከ አምስት ቀን ይወስዳል። ነገ ጠዋት የምታደርጉትን ጫማ ዛሬ ማታ አትጀምሩ።

መመሪያው በዋናነት የለቀቀ ሶል ስለመመለስ ነው። ሶሉ ሳስቶ ወይም ተበስቶ ግማሽ ሶል ለምትደርቡ፣ ተረከዙ ላለቀባችሁም ከደረጃዎቹ በኋላ ለየብቻ ተጽፏል።

መጀመሪያ ጫማው የሚለጠፍ መሆኑን አረጋግጡ

ሶሉን በጥፍራችሁ ጫን አድርጉ፤ ጠርዙንም በጣታችሁ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ሳቡ። እንደ ደረቅ ዳቦ ከተፈረፈረ ወይም እንደ ማስቲካ ከተጣበቀ ሥራውን እዚያው ተዉት። ይህ ያረጀ የፖሊዩሬቴን (አረፋ መሰል ፕላስቲክ) ሶል ነው። ፖሊዩሬቴንን በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ጫማው ተደረገም አልተደረገም ያው ነው። ከውጭ ተልኮ «ለክት» ተብሎ ሳጥን ውስጥ ዓመታት የከረመ ቡት ገና በመጀመሪያው ቀን ሶሉ ፍርፍር የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ማስቲሹ ቢይዝም የያዘው ፍርፋሪውን ነው። የላይኛው ቆዳ ደህና ከሆነ ሙሉ ሶል የሚቀይር ባለሙያ ጋ ውሰዱት።

ሁለተኛው መታየት ያለበት የውስጡ ካርቶን ነው። ርካሽ ጫማዎች ላይ ሶሉ የሚጣበቀው በእግር መርገጫው ሥር ባለ የተጨመቀ ካርቶን ላይ ነው። ካርቶኑ ውሃ ጠጥቶ በስሱ በስሱ የሚላጥ ከሆነ ሶሉን ብትለጥፉትም ካርቶኑ ራሱ ተልጦ ይወጣል። የላላውን ሽፋን እስከ ጠንካራው ድረስ ልጣችሁ አውጡ። ጠንካራ ነገር ካልቀረ በስስ ቆዳ ቀይሩት።

ሶሉ ከምን ተሠራ?

ይህን ሳያውቁ ማስቲሽ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ቀላሉ መለያ ብርጭቆ ወረቀት ነው። በማይታይ ቦታ ትንሽ ፈግፍጉትና የሚወጣውን እዩ።

- ደረቅ ዱቄት ከወጣ፣ ሶሉም ከበድ ያለና ሲታጠፍ ቶሎ የሚመለስ ከሆነ ጎማ ነው። ለመለጠፍ በጣም ምቹው ይህ ነው።
- ዱቄት ከመሆን ይልቅ እየሞቀ ከተድቦለቦለና ወረቀቱን ከደፈነው ፒቪሲ ወይም ቲፒአር ነው። ፒቪሲ ያብረቀርቃል፣ የፕላስቲክ ሽታ አለው፣ ብርድ ሲሆን ይደርቃል። የዝናብ ቦትና ብዙ ርካሽ የተማሪ ጫማዎች ከዚህ ይሠራሉ። ቲፒአር ጎማ ይመስላል፤ ግን ትንሽ ሙቀት ሲነካው ይለሰልሳል።
- በጣም ቀላል ከሆነ፣ ጥፍር ሲጫነው ምልክቱ ከቀረ ኢቫ ነው። የስኒከር መካከለኛ ሽፋንና ቀላል ነጠላ ጫማዎች ከዚህ ናቸው።
- ቀላል ሆኖ የተቆረጠው ፊቱ ላይ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ከታዩ፣ ግን ከኢቫ ጠንከር ካለ ፖሊዩሬቴን ነው። ያልተፈረፈረ ከሆነ ይለጠፋል።

በእሳት ለኩሳችሁ ለመለየት አትሞክሩ። ፒቪሲ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ አሲድ ስላለበት ሳንባን ይጎዳል።

የትኛው ማጣበቂያ ለየትኛው ሶል?

ቢጫው ማስቲሽ (ኒዮፕሪን) ለጎማ፣ ለቆዳና ለሸራ ይሆናል። ፒቪሲ ላይ ግን ያታልላችኋል፤ መጀመሪያ ጥሩ አድርጎ ይይዛል፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይለቃል። ፒቪሲን የሚያለሰልሰው ዘይት መሰል ነገር ቀስ እያለ ወደ ማስቲሹ ሰርጎ ስለሚያሟሟው ነው። ለፒቪሲ፣ ለፖሊዩሬቴንና ለአርቲፊሻል ቆዳ የፖሊዩሬቴን ማስቲሽ ግዙ። የጫማ ሠራተኞች ዕቃ የሚገዙባቸው ሱቆች ውስጥ «ፒዩ» ብትሉ ይገባቸዋል፤ ቀለሙ ነጣ ያለ ወይም እንደ ውሃ የጠራ ነው።

ቲፒአርና ኢቫ አስቸጋሪዎች ናቸው። ፋብሪካዎች ማስቲሹን ከመቀባታቸው በፊት ፊቱን የሚለውጥ ፕራይመር ይቀቡባቸዋል። ፕራይመሩን ካገኛችሁ ጣሳው ላይ በተጻፈው መሠረት ተጠቀሙ። ካላገኛችሁ በደንብ ሞርዱ፣ ፒዩ ተጠቀሙ፣ ከዚያ በስፌት አጠናክሩ። ስፌት የሌለበት የቲፒአር ጥገና ብዙ እንዲቆይ አትጠብቁ።

ሱፐር ግሉ እንደ መስተዋት ደርቆ የሚጠነክር ስለሆነ ጫማው በሚታጠፍበት ቦታ ይሰነጠቃል። ለሶል ሥራ አይሆንም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ደርቆ የቀረው ሱፐር ግሉ በላዩ ማስቲሽ እንዳይዝ ያደርጋል፤ ሙሉ በሙሉ ካልተሞረደ በቀር። ኢፖክሲም በዚሁ በመሰንጠቁ ምክንያት አይመከርም። ሲሊኮን ፈጽሞ አታስጠጉ፤ ፊቱ ላይ የሚተወው ቅባት ሌላ ምንም ነገር እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ ባርጅ የሚባለውን ፈልጉ፤ የታወቀው ባለ ብዙ አገልግሎቱ ከእኛ ቢጫ ማስቲሽ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሹ ጉ የሚባለው ወፍራም ቅባት ደግሞ የተበላ ተረከዝ ለመሙላት እንጂ ሙሉ ሶል ለመለጠፍ አይመችም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ማስቲሽ፦ ለአንድ ጥንድ ሙሉ ሶል ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ የአንድ ጫማ አፍንጫ ብቻ ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ አይሞላም
- ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 40 ወይም 60 ለጎማ፣ ቁጥር 80 ለቆዳ፤ ሸካራ ሞረድ ካለ ይረዳል
- ካተር ወይም ስል ቢላ
- ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል፤ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል፣ 70 በመቶው ውሃ ስላለው ረዘም ላለ ጊዜ መድረቅ አለበት
- ቀለምና ብናኝ የማይለቅ ነጭ ጨርቅ
- ጠጉሩ አጠር ያለ ጠንካራ ብሩሽ፤ ያረጀ የጥርስ ብሩሽም ይሆናል
- የፀጉር ማድረቂያ (ፎን)
- ፊቱ ለስላሳ የሆነ መዶሻ
- የተቀደደ የብስክሌት የውስጥ ጎማ፤ በርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት አድርጋችሁ ቁረጡት
- ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር
- እርሳስ፣ ጋዜጣ፣ የላስቲክ ጓንት
- ለሚሰፋ ጫማ፦ ወስፌ፣ ሁለት ወፍራም መርፌ፣ የናይለን ክርና ሰም

ጥንቃቄ

የማስቲሽ ማሟሟያ ቶሎ ይተናል፣ ትነቱም ከአየር ይከብዳል፤ ወለሉን ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ ከሰል በተቀጣጠለበት፣ ቡና በሚፈላበት፣ ዕጣን በሚጤስበት ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ በተሰካበት ክፍል አትሥሩ። እሳቱ ሦስት አራት ሜትር ርቆ ስላለ ደህና ነኝ አይባልም። በረንዳ ወይም ግቢ ከሁሉ ይሻላል። ቤት ውስጥ ከሆነ በርና መስኮት ትይዩ ክፈቱ። ፎኑንም የምታበሩት የተቀባው ማስቲሽ ከደረቀና ጣሳው ተከድኖ ከራቀ በኋላ ብቻ ነው።

ራስ ምታት ወይም ማዞር ከጀመራችሁ ወጥታችሁ አየር ውሰዱ። ብዙ ማስቲሾች ቶሉይንና ሄክሴን የሚባሉ ኬሚካሎች አሏቸው፤ ሄክሴንን ለረጅም ጊዜ መተንፈስ ነርቭ ይጎዳል። ተራ የጨርቅ ማስክ ይህን ትነት አያስቀርም። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች አጠገቡ አይቀመጡ።

ለሌላ ነገርም ቢሆን ሱፐር ግሉ የምትነኩ ከሆነ የጥጥ ጓንት አታድርጉ፣ በጥጥም አትጥረጉት። ከጥጥ ጋር ሲገናኝ በፍጥነት ይግላል፤ ቆዳ ያቃጥላል።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

1. እጠቡና አድርቁ። ጭቃውን በብሩሽና በትንሽ ሳሙና አስለቅቁ፤ ወደተከፈተው ስንጥቅም ግቡ። ከዚያ ውስጡን ጋዜጣ ሞልታችሁ ጥላ ባለበት ነፋሻ ቦታ 24 ሰዓት አቆዩ፤ የቆዳ ቡት ከሆነ 48 ሰዓት። ጋዜጣውን አንድ ሁለት ጊዜ ቀይሩ። ቆዳ ከላይ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ሊሆን ይችላል። በኋላ ፎኑ ሲነካው ያ እርጥበት ተንኖ ማስቲሹን ከሥሩ ይገፋዋል። ለማፋጠን ብላችሁ ምድጃ ዳር አታስቀምጡት፤ ቆዳው ይኮማተርና ከሶሉ ጋር አልገጥም ይላል።

2. ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ክፈቱ። ሶሉ ሙሉ በሙሉ የሚነሳ ከሆነ ከመንቀሉ በፊት አፍንጫው፣ ሁለቱ ጎኖችና ተረከዙ ላይ ከሶሉ ወደ ላይኛው ቆዳ የሚያልፍ ቀጭን የእርሳስ መስመር አስምሩ። ደረቅ ማስቲሽ አንዴ ከነካ ወዲያ ወዲህ አይባልም፤ ትክክለኛውን ቦታ የሚያሳያችሁ ይህ መስመር ብቻ ነው።

ከፊል የለቀቀ ከሆነ ደግሞ ስንጥቁን ባለበት አትተዉት። ፎኑን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ ለአንድ ሁለት ደቂቃ አሙቁና ሶሉን ቀስ እያላችሁ ሳቡ። አሮጌው ማስቲሽ የደከመበት ሁሉ ይከፈታል። በደንብ ከያዘበት ቦታ ሲደርስ ይቆማል፤ እናንተም እዚያው ቁሙ። ማስቲሽ በስንጥቁ ጨምቆ መዝጋት የተለመደ ነው፤ ግን አቧራው ከውስጥ ስለቆየ ጥገናው ከዚያው ከዳሩ ተነስቶ እንደገና ይከፈታል።

3. አሮጌውን ማስቲሽ አንሱ። በሁለቱም በኩል። በፎን ሞቅ አድርጋችሁ በጣት ስታሹት ድብልብል እያለ ይነሳል። የቀረውን በካተሩ ጀርባ ፋቁት። አዲስ ማስቲሽ አሮጌው ላይ ሲቀባ የሚይዘው አሮጌውን ነው፤ አሮጌው ደግሞ ቀድሞ የለቀቀ ነው።

4. ሞርዱ። ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ነውና አትቸኩሉ። የጎማ ሶል ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ ፊቱ ላይ ስስ የቅባት ሽፋን ይቀርበታል፤ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ሆኖ የምታዩት እሱ ነው። ቁጥር 40 ወይም 60 ብርጭቆ ወረቀት በትንሽ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ ሙሉ ፊቱ ድብዝዝ እስኪልና በሁሉም ቦታ ሻካራ እስኪሆን ፈግፍጉ። አንድ አቅጣጫ ብቻ አትሂዱ፤ አንዴ በርዝመቱ፣ አንዴ በስፋቱ። በብርሃን ስታጋድሉት የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካያችሁ እዚያ ማስቲሽ አይዝም።

ትኩረታችሁ ዳሩ ላይ ይሁን። መሐሉ ተሞርዶ የመጨረሻው 1 ሴንቲ ሜትር ሲዘለል ነው ሶል አፉን የሚከፍተው፤ ጫማ ሁልጊዜ የሚላቀቀው ከዳር ነውና። በላይኛው ቆዳ በኩል ደግሞ ሶሉ የሚሸፍነውን ያህል ብቻ፣ ቀለሙና ልስላሴው ተነስቶ ጭረቱ እስኪታይ ሞርዱ። ከዚያ መስመር በላይ እንዳይጫር የወረቀት ፕላስተር ለጥፉበት። አርቲፊሻል ቆዳ ስስ ስለሆነ ቁጥር 80 ወይም ከዚያ ለዘብ ባለ ወረቀት ነካ ነካ አድርጉት፤ ጨርቁ ከታየ አልፋችኋል። ኢቫንም እንዲሁ በቀስታ፤ ከተቦጫጨቀ ፊቱ ይደክማል።

ፒቪሲና ቲፒአር ሲሞረዱ ይሞቁና ይቀልጣሉ። አጭር አጭር አድርጋችሁ ሥሩ፣ ቆም እያላችሁ አቀዝቅዙ።

5. አቧራውን አንሱ። መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ፣ ከዚያ አልኮል በነካው ነጭ ጨርቅ አንድ ጊዜ ጥረጉ። ጨርቁን እየገለበጣችሁ በንጹሕ ፊቱ ሥሩ፤ አለዚያ ቆሻሻውን ከቦታ ቦታ ማዛወር ነው። አሴቶን ለጎማ ይሆናል፤ ፒቪሲን፣ ቲፒአርንና አርቲፊሻል ቆዳን ግን ያሟሟል። የመኪና ቤንዚን ብዙ ሰው ይጠቀማል፤ ቅባት ስለሚተውና ለእሳት በጣም ቅርብ ስለሆነ ተዉት። ከጠረጋችሁ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ይድረቅ፤ ፊቱን በጣታችሁ አትንኩት፤ የእጅ ወዝ ብቻውን ያበላሸዋል።

6. ሳትቀቡ ግጠሙት። ሶሉን ቦታው ላይ አስቀምጡና ምልክቶቹ መግጠማቸውን እዩ። የተኮማተረ ወይም የተጣመመ ሶል ካለ በፎን አሙቃችሁ አሁን አቅኑት። ማስቲሹ ቅርጽ ያልያዘን ሶል ጎትቶ አይዝም፤ ውጥረቱ ቀን ከሌት ይስበዋል።

7. የመጀመሪያውን ስስ ሽፋን ቀቡ። በሁለቱም ፊት፣ በብሩሽ እያሻችሁ። ቆዳና ሸራ የመጀመሪያውን ይጠጡታል፤ ስለዚህ ከደረቀ በኋላ ፊቱ ደረቅና ድብዝዝ ያለ ቢመስል አይግረማችሁ። ወፍራም መቀባት ጥንካሬ አይጨምርም። ከላይ ሽፋን ይሠራና ማሟሟያው ከውስጥ ይታፈናል፤ ሶሉ ለቀናት እንደ ጭቃ እየተንሸራተተ ይቆያል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይድረቅ።

8. ሁለተኛውን ቀቡና ጠብቁ። ይህም ስስ ይሁን። በአዲስ አበባ የበጋ ቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ድሬዳዋን ወይም የባሕረ ሰላጤውን አገሮች በመሰለ ሙቀት 5 ደቂቃም ሊሆን ይችላል። በክረምት እጥፉን ጠብቁ። ሰዓቱ ግን መነሻ ነው፤ የሚወስነው የጣት ፈተና ነው። የጣታችሁን ጀርባ በቀስታ አስነኩት፤ ሳብ ካደረጋችሁ ግን ክር ካላወጣ ደርሷል። ክር ካወጣ ገና ነው። ምንም ካልሳባችሁ አልፎበታል፤ ግን አልተበላሸም፣ በሚቀጥለው ደረጃ በሙቀት ይመለሳል።

በዝናብ ቀን የሚመጣ አንድ ችግር አለ። ማሟሟያው ሲተን ፊቱን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ እንደ ጤዛ ያለ ስስ ውሃ ያርፍበታል። ማስቲሹ ነጣ ወይም ጉም ለበስ ካለ ይህ ነው። እንዲህ ሆኖ ከተገጠመ በእርግጠኝነት ይለቃል። ደረቅ ክፍል ውስጥ አስገቡና ንጣቱ እስኪጠፋ አቆዩት፤ ከዚያ አንድ ስስ ሽፋን ድገሙ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከተቻለ ፀሐይ ብልጭ ባለችበት ሰዓት ሥሩ።

9. አሙቁና ግጠሙ። የማስቲሽ ጣሳው ተከድኖ ራቅ ማለቱን አረጋግጡ። ሁለቱንም ፊት በፎን ከ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት አንድ ደቂቃ ያህል አሙቁ፤ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ ደረቁ ማስቲሽ እንደገና ይነቃል። ፊቱ ወዝ ሲያወጣ ታዩታላችሁ። ኢቫ ከሆነ ሙቀቱን ቀንሱ፤ ይኮማተራል።

ሙሉ ሶል ከሆነ መጀመሪያ አፍንጫውን በምልክቱ አግጥሙ፣ ቀጥሎ ተረከዙን፣ መጨረሻ ወገቡን። ሁለቱ ፊቶች ሳትፈልጉ እንዳይነካኩ መሐል ላይ ንጹሕ ወረቀት አስገቡና እየገጠማችሁ ሳቡት። ከመሐል ወደ ዳር በአውራ ጣት እየተጫናችሁ አየሩን አስወጡ።

10. በኃይል ተጫኑት። ይህ ዓይነት ማስቲሽ ጥንካሬውን የሚያገኘው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሚያርፍበት ግፊት ነው። ሌሊቱን ሙሉ በቀላል ነገር መጫን አንድ ደቂቃ በመዶሻ የመምታትን ያህል አይሠራም። ጫማው ውስጥ እንጨት ወይም ጥብቅ ብሎ የተጠቀለለ ጨርቅ አስገቡ፤ ባለሙያዎች ለዚህ ፎርማ አላቸው። ከዚያ ሶሉን ከመሐል ወደ ዳር እየሄዳችሁ፣ ዳሩን ደጋግማችሁ፣ በመዶሻው አጠር አጠር አድርጋችሁ ምቱት።

ቀጥሎ የብስክሌት ጎማውን እየወጠራችሁ ከአፍንጫው ጀምሮ እስከ ተረከዙ ድረስ ጠቅልሉት። ጎማው የጫማውን ጉብጠት ስለሚከተል ከየአቅጣጫው እኩል ይጫናል። ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ መጫን ግን ሁለት ሦስት ነጥብ ላይ ብቻ ያርፋል። «አድርጌው ቆሜ ይጫን» የሚለውም አይሠራም፤ አንድ እርምጃ ስትራመዱ ገና ያልጠነከረው መታጠፊያ ይከፈታል።

11. አቆዩት። ጥቅሉ ቢያንስ ለ12 ሰዓት አይፈታ። ከተፈታ በኋላ ጫማው ለ24 ሰዓት አይደረግ፤ ፒዩ ከሆነ ወይም ብርድ ከሆነ 48 ሰዓት። ውሃ ደግሞ ሦስት ቀን ባይነካው ይሻላል። ያፈተለከውን ማስቲሽ እርጥብ እያለ አትጥረጉት፣ ይዘረጋል፤ ሲደርቅ በጣት ስታሹት ይነሳል።

12. ከተቻለ ስፉት። ጠርዙ ከፍ ብሎ የላይኛውን ቆዳ በጎን የሚያቅፍ ሶል ላይ ብዙ ጊዜ ዙሪያውን ቦይ አለ፤ ስፌቱ እዚያ ይገባል። በወስፌ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር እያራቃችሁ ቀዳዳ አውጡ። ሰም የተቀባ ክር ሁለቱም ጫፍ ላይ መርፌ አድርጋችሁ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንዱን ከውጭ አንዱን ከውስጥ አሳልፉ። እንዲህ የተሰፋ አንድ ቦታ ቢበጠስ እንኳ ቀሪው አይተረተርም። ክሩን ጥብቅ አድርጋችሁ ቦዩ ውስጥ ካልቀበራችሁት መንገዱ ይበላዋል።

ሶሉ ከሳሳ ወይም ከተበሳ፦ ግማሽ ሶል

ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ለሶል የተዘጋጀ ጎማ ግዙ። የአሮጌውን ሶል ጥርስ በሞረድና በካተር አስተካክላችሁ ጠፍጣፋ አድርጉ፤ በጥርሶቹ መሐል የሚቀረው ባዶ ቦታ ማስቲሽ የማይነካው ቦታ ነው። ቀዳዳ ካለ ልኩን ቆዳ ወይም ጎማ ቆርጣችሁ ከፊቱ ጋር እኩል አድርጋችሁ ቀድማችሁ ድፈኑት። ሳይደፈን ከተደረበ አዲሱ ጎማ በየእርምጃው ወደ ቀዳዳው እየገባና እየወጣ ይላቀቃል።

ቅርጹን ካርቶን ላይ አውጡና ጎማውን ዙሪያውን በ3 ሚሊ ሜትር አስፍታችሁ ቁረጡ፤ ከተለጠፈ በኋላ ትርፉ በካተር ይስተካከላል። ግማሽ ሶሉ የሚያበቃው እግር በጣም ከሚሰፋበት ቦታ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ነው። ይህ የኋላ ጠርዝ በመጨረሻው 1.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ ዜሮ እየሳሳ እንዲሄድ አድርጋችሁ ሞርዱት። ካልሳሳ ደረጃ ላይ ይጠለፋል፤ የሚላቀቀውም ከዚያ ነው። የቀረው ከ4 እስከ 11 ያለው ደረጃ ነው።

የመኪና ጎማ መጠቀም ለምትፈልጉ፦ በረባሶ እንደሚያሳየው በቀላሉ የሚያልቅ አይደለም፤ ሲለጠፍ ግን ያስቸግራል። ጎማው ከፀሐይና ከአየር እንዲጠበቅ ሲባል ሰምና ዘይት አለበት፤ እሱ ደግሞ ወደ ፊቱ ይወጣል። የውጭውን ሽፋን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሞርዳችሁ አንሱና በዚያው ቀን ለጥፉት። የውስጥ ጎማ ግን ለሶል አትጠቀሙ፤ ቶሎ ያልቃል፣ ማስቲሽም በደንብ አይዘውም።

ተረከዙ በአንድ በኩል ከተበላ

ጉድለቱ እስከ 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሹ ጉን የመሰለ ወፍራም የቱቦ ቅባት ይሞላዋል። ሞርዱ፣ አጽዱ፣ ዙሪያውን የወረቀት ፕላስተር እንደ ግድግዳ አቁሙና በአንድ ጊዜ ከ3 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ ሙሉ። ፊቱን ውሃ በነካ ማንኪያ ጀርባ አስተካክሉ። ሁለተኛ ሽፋን ካስፈለገ 24 ሰዓት ጠብቁ።

ከዚያ በላይ ከተበላ የተበላውን በኩል በካተር ቀጥ አድርጋችሁ ጠፍጣፋ ቁረጡና ልኩን የጎማ ቁራጭ ለጥፉ። እዚህ ሁለት ሦስት አጭር ሚስማር መጨመር ጥሩ ነው፤ ተረከዝ አይታጠፍምና። የሚስማሩ ርዝመት ከጎማውና ከተረከዙ ድምር ውፍረት ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ይነስ፣ ራሱም ወደ ጎማው ይስመጥ። ጫማው በሚታጠፍበት የፊት ክፍል ግን ሚስማር አትምቱ፤ ቀዳዳው ይሰፋና ውሃ ያስገባል።

የለቀቀውን አይታችሁ ምክንያቱን ለዩ

እንደገና ከለቀቀ ወዲያው አትቀቡት። ሁለቱን ፊቶች ገልጣችሁ ማስቲሹ የት እንደቀረ እዩ።

- ማስቲሹ በሙሉ ቆዳው ላይ ቀርቶ ሶሉ ንጹሕ ከሆነ፦ ሶሉ አልተሞረደም፣ ቅባት አለበት ወይም ፕራይመር የሚፈልግ ዓይነት ነው።
- በሙሉ ሶሉ ላይ ከቀረ፦ የቆዳው ቀለም አልተነሳም ወይም ቆዳው እርጥብ ነበር።
- ሁለቱም ላይ ኖሮ ፊቱ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ከሆነ፦ ሁለቱ ማስቲሾች አልተዋሐዱም፤ ከልክ በላይ ደርቀው ሳይሞቁ ተገጥመዋል፣ ወይም መዶሻ አልነካቸውም።
- ሁለቱም ላይ ኖሮ ክር የሚያወጣና የሚያጣብቅ ከሆነ፦ ወፍራም ተቀብቷል ወይም ቶሎ ተገጥሟል። ሶሉ ፒቪሲ ከሆነና ጊዜ ቆይቶ ከመጣ ደግሞ የተሳሳተ ማስቲሽ ነው።
- ቆዳው ወይም ሶሉ ራሱ ተቦጭቆ ከተነሳ፦ ማስቲሹ ሥራውን ሠርቷል፤ ያረጀው ጫማው ነው።

የተረፈውን ማስቲሽ ስለማስቀመጥ

የጣሳውን አፍ ጠርጋችሁ ክደኑ፤ በጠርዙ ላይ የደረቀ ማስቲሽ ክዳኑን ያስተነፍሰዋል። ቀዝቀዝ ባለ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ከወፈረ በራሱ ማቅጠኛ አቅጥኑት፤ ኬሮሲንና ናፍጣ ቅባት ስለሚተዉ ማስቲሹን ያበላሹታል። እንደ ጄሊ ከረጋ ግን ማቅጠኛም አይመልሰውም። ትርፉን ፍሳሽ ውስጥ አትድፉ። ብሩሹንና ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ ሙሉ በሙሉ ከደረቁ በኋላ ቆሻሻ ውስጥ ጣሏቸው።